መብረቅ ቆጣሪዋ የሺመቤት

የሺመቤት አንሶላ ታጥባለች፤ ታሰጣለች። ሩዋንዳ ሰፈር ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች በአንዱ፣ በአምስተኛው ፎቅ ጣሪያ ላይ፣ በቀን ከሠላሳ እስከ ሃምሳ አንሶላ። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ማድረቂያ ማሽኑ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተበላሽቶ የሚሠራው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አንሶላ የምታደርቀው ፀሐይ ናት። ፀሐይ መቼ እንደምትሄድ ማወቅ ደግሞ የእሷ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ ደመና መለየት ተማረች። ቀጥሎ ነፋስ። በሦስተኛው ዓመት ደብተር ገዛች። ያን ጊዜ ነገሩ ከአንሶላ አልፎ ነበር፤ እሁድ እረፍቷ ላይ እንኳ ሰማዩ ሲጠቁር ከቤቷ ወጥታ ትቆማለች። ጎረቤቶቿ ሲያማትቡ እሷ ትቆጥራለች።

የምትቆጥረው በልብስ መቆንጠጫ ነው። አንዱን መቆንጠጫ ሽቦው ላይ ለመሰካት አንድ ሰከንድ ይፈጅባታል። ብልጭታውን ስታይ መሰካት ትጀምራለች፤ ድምፁ ሲደርስ ታቆማለች። ሦስት መቆንጠጫ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያስተማሯት ጋሽ ዱባለ ናቸው።

ጋሽ ዱባለ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ቴሌግራም ላይ «መብረቅ ቆጣሪዎች» የሚል ቡድን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። አሥራ ስምንት አባላት አሉት። ከምር የሚቆጥሩት ግን ሦስት ናቸው፤ እሳቸው ከሰሚት፣ የሺመቤት ከሩዋንዳ፣ ፊሊሞን ደግሞ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚወስደው በኩል በመሠራት ላይ ካለ ሕንፃ አናት። ፊሊሞን የታወር ክሬን ኦፕሬተር ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመሬት ስልሳ ሜትር ከፍ ብሎ በብረት ላይ ይቀመጣል። ለመውረድ ሰባት ደቂቃ ይፈጅበታል።

የቡድኑ ሕግ አጭር ነው። ብልጭታ ያየ ይቆጥራል፤ ቁጥሩን ይጽፋል። ከሁለት ቦታ ከሠላሳ በታች የሆነ ቁጥር ከመጣ ፊሊሞን ይወርዳል። ጥሪውን የምታስተላልፈው የሺመቤት ናት፤ ከእሷ ጣሪያ ክሬኑ ስለሚታይ።

አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ፤ የቦሌ ሰው ብቻ የሚያወጣው ዓይነት። በቆጠራው መሃል አውሮፕላን ካለፈ ቁጥሩ ይሰረዛል። ከጎኑ «አው» ተብሎ ይጻፋል። የሚነሳ አውሮፕላንና የሩቅ ነጎድጓድ በጆሮ አይለዩም። የቦሌ፣ የገርጂና የሰሚት ሰው አውሮፕላን ሲመጣ ወሬውን ያቋርጣል፤ ሲያልፍ ካቋረጠበት ይቀጥላል። ቀና ብሎ አያይም። ቀና የሚለው እንግዳ ነው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ የሺመቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ «ውረድ» አለች። ፊሊሞን ሁለቱንም ጊዜ ወረደ። ሁለቱንም ጊዜ ዝናቡ ወደ ኮተቤ ዞረ። በሁለተኛው ቀን የሕንፃው መሐንዲስ ኢንጂነር ሃይደር ደወለላት።

«እትዬ የሺ፣ ጠብታ እንኳ አልወረደም።»

«ነበረ እኮ። ዞረ እንጂ።»

«የወለሉ ሶሌታ መሃሉ ላይ የኮንክሪት ሙሌቱ ከተቋረጠ መጋጠሚያው ይደክማል። ትናንት ሦስት ሜትር አስፈረስኩ።»

«ኮተቤ ላይ ግን መትቶ ነበር።»

«እኔ ኮተቤ ላይ ሶሌታ የለኝም» አላት። «ልጁ እንዲወርድ የፈቀድኩት እርስዎን አምኜ ነው። ሦስተኛውም ባዶ ከሆነ ግን ከዚያ በኋላ የማምነው የራሴን ጆሮ ነው። ፊሊሞንም በእኔ ሬዲዮ ብቻ ነው የሚወርደው።»

የሃይደር ጆሮ መሬት ላይ፣ ከኮንክሪት ማደባለቂያው አጠገብ ነው። እዚያ ሆኖ የሰው ጩኸት እንኳ አይሰማም። ክረምቱ ደግሞ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር።

ፊሊሞን በነገሩ ቀለደ። «እትዬ፣ ኔትወርክ የጠፋ ዕለትስ ምን ልንሆን ነው?» ብሎ ጻፈላት።

«ቀይ ብርድ ልብስ አውለበልብልሃለሁ።»

«እሱን ሳይ ፀጉሬ አስቀድሞ ቆሞ ይጠብቅዎታል።»

ጋሽ ዱባለ ከሥር ጻፉ፤ «ፀጉር የሚቆመው መብረቅ ሊወርድ ሲል ነው፤ ያኔ ጊዜው አልፏል። ሳይቆም ነው መውረድ።»

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ዕለት፣ የአሥራ አራተኛው ፎቅ ሶሌታ ሙሌት ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የክሬኑ ክንድ ይዞራል። የኮንክሪቱን ባልዲ፣ ባኬቱን፣ ከመኪናው ይቀበላል፤ ያነሳል፤ ይደፋል፤ ይመለሳል። የሺመቤት አርባ አንሶላ ሰቅላ ነበር። ከእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኳ ጮኸ። ፊሊሞን ነው። «እንጦጦ ከል ለብሷል።»

«ግጥም አያስፈልግም» ብለው ጻፉ ጋሽ ዱባለ። «ቁጥር።»

«ሠላሳ ስምንት።»

«አርባ» አለች የሺመቤት።

«እኔ ጋ ሃምሳ» አሉ ጋሽ ዱባለ። «ሩቅ ነው፤ ቁጠሩ።»

ሦስቱም ወደ ሰሜን ዞረው ቆጠሩ። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ አንድ። አርባ አራት። ማዕበሉ እየራቀ ነው። የሺመቤት ትከሻዋ ላላ። ሦስተኛውን ጥሪ ዛሬ መጥራት አልፈለገችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አንሶላዎቹ ላይ ከጀርባዋ ነጭ ነገር ሽው አለ። እጇ በልማድ መሰካት ጀመረ። ሃያ ሁለተኛው መቆንጠጫ ላይ ከምሥራቅ ረጅም ጉርምርምታ መጣ፤ ቆየ፤ ጠፋ። ስልኳን አየች። ጋሽ ዱባለ ቀድመዋታል፤ «አሥራ ሰባት። አው።»

እሷም ጻፈች፤ «ሃያ ሁለት። አው።»

ፊሊሞን ምንም አልጻፈም። ባኬት ይዞ ነበር።

ሁለተኛውን ሳፋ ልታመጣ ወረደች። ግቢው ውስጥ የማረፊያው ሚኒባስ ቆሟል። ሹፌሩ ቢሩክ ከአንድ ሰዓት በፊት ወደ ኤርፖርት የወሰደውን እንግዳ ሻንጣ መልሶ እያወረደ ነው።

«ምነው፣ ሰውዬውን ሳታደርስ መለስከው?»

«አድርሼው ነበር። አልበረረም። ሁሉም ቆሟል።»

«ምኑ?»

«በረራው ነዋ! ከስምንት ተኩል ወዲህ አንድም አልተነሳ፣ አንድም አላረፈ። ዕቃ ጫኞቹን ሳይቀር ከሜዳው አስወጥተዋቸዋል። በየረር ተራራ በኩል ከባድ መብረቅ እየመጣ ነው ይላሉ።»

የሺመቤት ሳፋውን እንደያዘች ቆመች። ከስምንት ተኩል ወዲህ አውሮፕላን አልተነሳም። እሷና ጋሽ ዱባለ «አው» ያሉት ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ሲቀረው ነው። አሥራ ሰባት ከሰሚት፣ ሃያ ሁለት ከሩዋንዳ። ሁለት ቦታ፣ ከሠላሳ በታች። ፊሊሞን መውረድ የነበረበት ከስድስት ደቂቃ በፊት ነው።

ሳፋውን ጣለችው።

«እትዬ! ምን ሆኑ?»

አምስቱን ፎቅ እየሮጠች ወጣች። ጣሪያው ላይ ስትደርስ የረር አይታይም። በቦታው ከመሬት የተነሳ ግራጫ ግድግዳ ነበር። ግድግዳው ውስጥ አበራ። መቆንጠጫ አልያዘችም፤ በጣቷ ቆጠረች። አሥራ አራት።

ደወለች። ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ተቋረጠ። በዚያው ቅጽበት የሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ የጎረቤት ጄኔሬተሮች መንቋረር ጀመሩ። እንደገና ደወለች። ስልኩ ድምፅም አልነበረውም። ቡድኑ ላይ «ውረድ፤ አው አይደለም» ብላ ጻፈች። ሰዓት የምትመስለዋ ምልክት መልእክቱ ሥር ቀረች፤ አልሄደም። ሃይደርን ሞከረች፤ ያው ነው።

ቢሩክ እያለከለከ ተከትሏት ወጥቷል።

«ሩጥ» አለችው። «ሕንፃው ጋ። መሐንዲሱን ሃይደርን ፈልገህ ልጁን አውርድ በለው።»

«በመኪና ልሂድ?»

«መንገዱ በመኪና ተዘግቷል፤ በእግርህ!»

ሄደ። ከእሷ ጣሪያ እስከ ክሬኑ በአየር ስድስት መቶ ሜትር ነው። በመሃል ግን ወንዝ አለ፤ ድልድዩ ከታች ነው፤ ለሚሮጥ ሰው ሩብ ሰዓት። የአሥራ አራት መብረቅ አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይህን ያህል ነፋስ ያለበት ማዕበል ደግሞ አምስቱን ኪሎ ሜትር ከሰባት እስከ አሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። ፊሊሞን ለመውረድ ሰባት ያስፈልገዋል። ቢሩክ አይደርስም።

ክሬኑ ይዞራል።

ደብተሯ ውስጥ ከየረር የተነሱ ሠላሳ አንድ ማዕበሎች አሉ። አሥራ ዘጠኙ ወደ ኮተቤ ዞረዋል። አሥራ ሁለቱ በቀጥታ ቦሌን መትተዋል። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ይህም ከዞረ ሦስተኛው ባዶ ጥሪ ይሆናል፤ ክረምቱን በሙሉ ፊሊሞንን ከዚያ ላይ የሚያወርደው ሰው አይኖርም። ካልዞረ ደግሞ የሚያስጨንቀው ክረምቱ አይደለም።

ወርዳ ከመጋዘኑ ቀዩን ብርድ ልብስ መዘዘች። ደረጃው ላይ እንግዳ ተቀባይዋ ናኦሚ አገኘቻት።

«እትዬ የሺ፣ ወዴት ነው? በረዶ ሊጥል ነው!»

«ዞር በይ።»

«ቀዩን ተይው በእናትሽ! ቀይ መብረቅ ይጠራል!»

ጋሽ ዱባለ ይህን ጥያቄ ከዓመታት በፊት መልሰውታል። መብረቅ ቀለም አያውቅም ብለዋታል፤ ከፍታ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ጨምረው፣ «የሚያስፈራኝ ያንቺ ሽቦ ነው። በፕላስቲክ ገመድ ቀይሪው» ብለዋት ነበር። አልቀየረችም። እርጥብ አንሶላ ሲሰቀልበት ገመድ ይረግባል፤ ጫፉ መሬት ይነካል። ሰባት ረድፍ የብረት ሽቦ፣ በብረት ቋሚ ላይ፣ በአካባቢው ካሉት ቤቶች ከፍ ባለው ጣሪያ። የሺመቤት የት ልትቆም እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ወጣች።

የክሬኑ ጋቢና ጀርባውን ሰጥቷታል። ፊሊሞን ወደ ኮንክሪት መኪናው ነው የሚያየው። ክንዱ ባኬቱን አንስቶ ሲዞር ለጥቂት ሰከንድ ፊቱ ወደ እሷ ይሆናል፤ ከዚያ ይደፋና ይመለሳል። አንድ ዙር ሁለት ደቂቃ ተኩል። ብርድ ልብሱን ከፍ አድርጋ ጠበቀች። ዝናቡ ጀመረ፤ ጠብታው ትልልቅና የተራራቀ ነው። አበራ። አሥራ አንድ።

ክንዱ ዞረ። የጋቢናው መስተዋት ወደ እሷ መጣ። ብርድ ልብሱን አወናጨፈች፤ ጮኸች፤ ጩኸቱ ለራሷም አልተሰማትም። መስተዋቱ አለፋት። ባኬቱ ተደፋ። ክንዱ ተመለሰ።

ዙሪያዋን ስታይ ምክንያቱ ገባት። አርባ ነጭ አንሶላ ነፋስ ይዟቸው ከፊቷም ከኋላዋም ይንቀሳቀሳሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ጣሪያው በሙሉ እየተውለበለበ ነው። ፊሊሞን ይህን ጣሪያ በየቀኑ እንዲህ ነው የሚያየው።

አንሶላዎቹን መጎተት ጀመረች። መቆንጠጫ አልፈታችም፤ እየጎተተች ቀደደች። የታጠበው ሁሉ ውሃ በቋጠረው ጣሪያ ላይ ወደቀ፤ ረግጣው አለፈች። አበራ። ሰባት። በረዶው ጀመረ፤ እንደ ሽምብራ ነው፤ ጭንቅላቷንና እጇን ይደበድባታል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ስትደርስ ክንዱ እንደገና ይዞር ነበር።

ባዶ ጣሪያ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ቀይ ጨርቅ።

መስተዋቱ ፊት ለፊቷ መጣ። ክንዱ አላለፈም። ቆመ።

ከሕንፃው ላይ ሠራተኞቹ እጃቸውን እያነሱ ወደ ክሬኑ ይጮኻሉ፤ ባኬቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሃይደር አሁን በሬዲዮ ምን እያለው እንደሆነ ልትገምት አላስቸገራትም። ከዚያ ባኬቱ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። መሬት ነካ። የጋቢናው በር ተከፈተ፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ታየ።

አበራ። አምስት።

መሄድ ነበረባት። ብርድ ልብሱን ይዛ ብትሄድ ግን ፊሊሞን ዞር ሲል ባዶ ጣሪያ ያያል፤ ቀልድ መስሎት ይቆማል፤ ወይም ለሃይደር ሲል ይመለሳል። በሦስት መቆንጠጫ ሽቦው ላይ ሰካችው። ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ስለከበደ ሦስተኛው ሁለት ጊዜ አመለጣት። ከዚያ ሮጠች።

አራተኛውን ፎቅ አልፋ ወደ ሦስተኛው ስትወርድ የደረጃው መስኮት ነጭ ሆነ። የምትቆጥርበት ጊዜ አልነበረም። ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ መጡ፤ መስተዋቱ ረገፈ፤ የሚያርር ፕላስቲክ ሸተታት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንደነበር ያወቀችው ናኦሚ ስታነሳት ነው።

«ኢየሱስ! ኢየሱስ! ደህና ነሽ?»

«የት ነው የመታው?»

«ምኑን ልወቅ!»

«ክሬኑን ነው? በመስኮቱ እይ፤ ክሬኑን ነው?»

ናኦሚ አየች። በበረዶውና በዝናቡ መሃል የሚታይ ነገር የለም።

ሌላው የጋሽ ዱባለ ሕግ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ ማንም ወደ ውጭ አይወጣም። የሺመቤት ይህን ሕግ ለሌሎች ስትናገር ኖራለች። አሁን ሰዓቷን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ነጎደ፤ ከአንድ ጀመረች። ስምንት ሲሞላ ነጎደ፤ ከአንድ ጀመረች። ናኦሚ ሻይ አምጥታላት ቀዘቀዘ። ከስልሳ ሜትር ላይ አንድ ሰው በሰባት ደቂቃ ይወርዳል። ብርድ ልብሱን ሰክታ ወደ ደረጃው ስትሮጥ ፊሊሞን ከበሩ ከወጣ ሦስት ደቂቃ ቢሆነው ነው። ሂሳቡን ደጋግማ ሠራችው፤ መልሱ አልተለወጠም። መብረቁ ሲወርድ ልጁ መሰላሉ ላይ ነበር።

ኔትወርኩ የተመለሰው አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ስልኩ በተከታታይ ነዘረ። አሥራ አንድ መልእክት፤ ሁሉም ከፊሊሞን።

«እትዬ የት ነዎት»

«እትዬ የት ነዎት»

«ጣሪያዎን መታው፤ በዓይኔ አየሁት። እትዬ ይመልሱ»

የመጨረሻው የድምፅ መልእክት ነበር። ከፈተችው። እየተንተባተበ ነው። «መሰላሉ ላይ ነበርኩ እኮ... ሠላሳ ሜትር ያህል ይቀረኛል... ዞር ስል እርስዎ ላይ ወረደ። ቀዩ ላይ። አይዋሹኝ፣ አሉ አይደል?»

የሺመቤት ጻፈች፤ «አለሁ። አንተ የክሬን ወፍ።»

ከሥሩ ጋሽ ዱባለ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፉት። «አሥራ ሰባቱ አውሮፕላን አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀና ብዬ አላየሁም።»

ጣሪያው ላይ የወጣችው ሠላሳው ደቂቃ ሞልቶ ነው። የመሃሉ ሽቦ ተበጥሶ ጫፍና ጫፉ ጠቁሯል። የብረት ቋሚው ሥር ሲሚንቶው ተሰንጥቋል። መቆንጠጫዎቹ ቀልጠው ሽቦው ላይ ተጣብቀዋል። ከብርድ ልብሱ የቀረው አንድ ማዕዘን ነው። አንሶላዎቹ በበረዶ ተሸፍነው ተኝተዋል። ስድስት መቶ ሜትር ወዲያ ማዶ ክሬኑ ምንም ሳይነካው ቆሟል።

ደብተሯን አውጥታ ቀኑን ጻፈች። አቅጣጫ፦ የረር። ቁጥር፦ ዜሮ። መቁጠር ከጀመረች ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሃይደር መጣ። ፊሊሞን አብሮት ነበር፤ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ወፍራም የናይለን ገመድ ይዟል። ሃይደር ሌሊቱን አልተኛም፤ ሶሌታው ግማሹ ይፈርሳል። የተበጠሰውን ሽቦ አነሳ፤ አየ፤ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ክሬኑ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ክሬኑን አልነካውም» አለ።

«አዎ፤ አልነካውም» አለች የሺመቤት። «ሦስተኛው ባዶ ጥሪ ነው።»

«በሬዲዮ አትውረድ ብዬው ነበር። አልሰማ ብሎ ነው የወረደው።»

ፊሊሞን ወደ ጫማው አየ። «ሰምቻለሁ፤ እሳቸውን ደግሞ አይቻለሁ» አለ።

ሃይደር እጁ ላይ የቀረውን ጥቀርሻ በሱሪው ጠረገ። «ባዶ አልነበረም» አለ። ሊወርድ ሲል ዞር ብሎ፣ «ከእንግዲህ የእኔን ሬዲዮ አይጠብቅ። እርስዎ ውረድ ሲሉት ይውረድ። እርስዎ ደግሞ ከዚህ ጣሪያ ላይ ሆነው አይደለም የሚቆጥሩት» አላት።

«ከየት ልቁጠር?»

«ከደረጃው መስኮት። ዛሬ መስተዋት አስገባልዎታለሁ።»

ፊሊሞን ቀሪዎቹን ሽቦዎች ቆርጦ ጣለ። ገመዱን ከቋሚ ወደ ቋሚ ወጠረው፤ በእግሩ እየገፋ አጠበቀው።

«ይረግባል» አለችው።

«ይርገብ። አጠብቅልዎታለሁ።»

«በየሳምንቱ?»

«ታዲያስ! ከላይ ሆኜ አየዋለሁ፤ ሲረግብ...»

ድምፁ ከምሥራቅ መጣ፤ ረጅምና ዝቅ ያለ። ፊሊሞን በልማዱ ወሬውን አቋርጦ እስኪያልፍ ጠበቀ። የሺመቤት መቆንጠጫዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየች።

አውሮፕላን ነበር።